ሰብሮ ማዳን ይፈቀዳል?

ከደብረ ብርሃን ቁር ሸሽተን ዶርም በተሰበሰብንበት ማታ፣ አንዱ ጓደኛችን ከታላቅ ወንድሙ የወረሳትን የእጅ ጌም አወጣ። ባትሪ ለወጥንላት፤ ወይ ፍንክች! ከዚያ ክርክር ተነሣ፤ ለመሆኑ እንዲህ ያለች ዕቃ ስትሞት ምኗ ነው የሚሞተው?

የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1980 «ጌም ኤንድ ዎች»ን ሲያወጣ የጨዋታው ሕግ ሁሉ በአንዲት ቺፕ ውስጥ ተቀርጾ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን ለማትረፍ የሚደክሙ ሰዎች፣ ሌላ መንገድ ሲያጡ፣ የቺፑን ልባስ በአሲድ ያሟሙና በማይክሮስኮፕ ፎቶ አንስተው ዜሮና አንዱን ይለቅማሉ። ጨዋታው ኮምፒዩተር ላይ ነፍስ ይዘራል፤ ያቺ ቺፕ ግን ላትመለስ ትችላለች።

እኛ ሌላ ልማድ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲቀዱ ከአንኮበር አብያተ ክርስቲያናትም ተቀድቷል፤ ብራናው ግን ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰ።

ታዲያ አሲዱን እናውግዝ? የለም። እያንዳንዱ ብራና አንድ ለእናቱ ነው፤ ቺፕ ግን በገፍ የተሠራ ነው። ሁሉም ዝም ብለው ከሚያልቁ አንዱ ቢሠዋ ይሻላል።

የመጨረሻዋ ከሆነችስ? እዚህ ላይ ተለያየን። ገሚሶቻችን «አትነካ» አልን፤ ገሚሶቻችን «ነገ ራሷ ትበላሽ የለም እንዴ?» አልን። ጓደኛችን ግን ጌሟን ወደ ኪሱ መለሰ። የወንድሙ ጣት ያሳሳው ቁልፍ በየትኛውም ቅጂ ላይ አይገኝማ!

የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፤ የሚሰብር ሰው አስቀድሞ ስንት እንደቀሩ ይቁጠር።