እርፉን ማን ይጨብጥ?

በሰሜኑና በመሐሉ ደጋ ሴት አታርስም። ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ አውድማ ትለቀልቃለች፣ ዘር ትመርጣለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። ባሏ የሞተባት ሴት ጥንድ በሬ ቢኖራት እንኳ እኩል አራሽ ትፈልጋለች፤ ካጣችም የወንድሟን ልጅ ደጅ ትጠናለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለምናውቀውም ለምን ብለን አንጠይቅም። እኔ ለምን ማለት ከጀመርኩ ወዲህ ግን መልስ የመሰለኝ ሁሉ ቀረብ ብዬ ስመረምረው አልጸናልኝም።

መጀመሪያ የመጣልኝ የሁሉም ሰው መልስ ነው፦ ጉልበት። እርሻ ከባድ ነው፣ ወንድ ብርቱ ነው፣ አለቀ። ነገር ግን የኛ ማረሻ ቀላል ነው። ገበሬው ማታ በሬዎቹን ከፊቱ እየነዳ ሞፈሩን በትከሻው ይዞት ይገባል። ጢም ያላበቀለ ልጅም ያርሳል። ይህ ልጅ ከእናቱ ይበረታል? እናቱ እኮ እንስራ ሙሉ ውሃ አዝላ ዳገት ትወጣለች፣ የማገዶ ሸክም ከቆላ ታመጣለች። ነገሩ የጉልበት ቢሆን ኖሮ በሬ ሲጠመድ መጠራት የነበረባት እሷ ናት።

ቀጥሎ ያገኘሁት መልስ የሊቃውንት ነው። ዴንማርካዊቷ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ኤስተር ቦዝረፕ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ በመቆፈሪያ የሚያለማውን ሕዝብና በእንስሳ የሚያርሰውን ለየች። በመቆፈሪያው አገር ሴቷ ማሳ ላይ ናት፤ ማረሻ በገባበት አገር ግን ማሳውን ወንዱ ይይዘዋል፣ እሷ ወደ ቤት ትገፋለች። በ2013 እ.ኤ.አ. አልቤርቶ አሌሲና፣ ፓኦላ ጁሊያኖና ናታን ነን ይህንኑ ሐሳብ በቁጥር ፈተኑት። ቅድመ አያቶቻቸው በማረሻ ያርሱ በነበሩ ሕዝቦች ዘንድ ዛሬም ከቤት ውጭ የሚሠሩና በፖለቲካ የሚሳተፉ ሴቶች ቁጥር ዝቅ ይላል አሉ። ከሁሉ ያስገረመኝ ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ልዩነቱ አውሮፓና አሜሪካ ባደጉ የስደተኛ ልጆች ላይም ይታያል። ማረሻ በዓይናቸው ያላዩ ልጆች! አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ወንድሟ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሳለ እሷ ቡና እንድታፈላ የምትጠራ ያገራችን ልጅ ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን?

ይህ መልስ አማለለኝ። ከሚገባው በላይ ስላማለለኝም ተጠራጠርኩት። ለመፈተን ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ማረሻም፣ በመቆፈሪያ የሚለማው እንሰትም አገር ቤት አሉና።

በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጋሞና በሌሎችም የደቡብ አካባቢዎች ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከእንሰት ጋር ተሳስሮ ይኖራል። ወንዱ ችግኙን ይተክላል፣ ከቦታ ቦታ ያዛውራል። ተክሉ ከዓመታት በኋላ ሲደርስ ነገሩ ሁሉ የሴት ነው፦ ግንዱን በተሳለ ቀርከሃ መፋቅ፣ ሥሩን መክተፍ፣ ጉድጓድ ውስጥ ማብላላት፣ የቱ ተክል እንደደረሰና ምን ያህል ቆጮ እንደሚወጣው መለየት። የሴቷ እጅ ካልገባበት እንሰት ምግብ አይሆንም። ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ያሳተመውን መጽሐፍ ንዑስ ርእስ ሲሰጥ ሕዝቡን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ታዲያ በቦዝረፕ ስሌት የእንሰቷ እመቤት ከማረሻው አገር ሴት ይልቅ በሕግ ፊት የምትከበር መሆን ነበረባት።

የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በጉራጌ ልማድ መሬት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ነው የሚተላለፈው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቃቄ ውርድወት የተባለች ሴት በጉራጌ ሸንጎ በጆካ ፊት ቆማ የተሟገተችው፣ ወንድ በላይ በላይ እያገባ ሴቷ ግን በፈቃዷ መፍታት አትችልም ብላ እንደሆነ እስከዛሬ ይተረካል። በሬ ጠምዶ በሚኖረው የአማራ ገበሬ ዘንድ ደግሞ የርስት መብት በእናትም በአባትም በኩል ይቆጠር ነበር፤ ሴት ልጅ ርስት ትጠይቃለች፣ ልጆቿም በሷ በኩል ይጠይቃሉ። በሰማንያ የተጋቡ ሲፋቱ ያፈሩትን እኩል ይካፈላሉ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ሕዝብ ነው ይህን ሕግ ያወጣው! እንዲያውም ባል የቤተሰቡ የበላይ ነው ብሎ በጽሑፍ ያሰፈረው በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 635። ዘመናዊ ተብሎ የመጣው ሕግ በዚህ አንድ ነገር ከሰማንያው ወደኋላ የቀረ ነበር፤ የተሻረውም በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ነው።

እንግዲህ የማረሻውን መልስ ልጥለው? እዚህ ላይ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ርስት ያላት ሴት ርስቷን ምን ታደርገዋለች? ማረስ አትችልምና ለወንድ ትሰጠዋለች፤ ምርቱንም ትካፈላለች። መብቱ የሷ፣ እርፉ የሱ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአማራ ክልል በታደለው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ብቻዋን ደብተር የያዘች ሴት ዛሬም አራሽ ትፈልጋለች። ስለዚህ ማረሻው ሕጉን አልጻፈም፤ ሕጉ በእጅ ሲያዝ ምን ያህል እንደሚመዝን ግን ይወስናል። ቦዝረፕን ሙሉ በሙሉ መጣል አልቻልኩም።

የሥራ ክፍፍሉ መነሻ ምን ይሆን ለሚለው ደግሞ ጁዲት ብራውን የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት በዚያው በ1970 እ.ኤ.አ. የጻፈችው ከሁሉ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። ሴት በየትም አገር የምትይዘው ሥራ፣ ሕፃን ይዛ የሚሠራ፣ አቋርጣው የምትመለስበት፣ ከቤት የማያርቅና ለልጁ አደገኛ ያልሆነ ነው ትላለች። እንሰት ጓሮ ነው፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ፍቂያውን ትታ ማጥባት ትችላለች። የተጠመደ በሬ ግን ትልም መሐል ጥለውት አይሄዱም። ይህ ልቤን ሞላው፤ ግን እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ። ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች የ60 ዓመት ሴትስ? እሷም አታርስም። ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ክልከላው በቦታው ቆይቷል። ባህል የምንለው ኃይል ምክንያቱ ሳይሆን ይህ መቆየቱ ይመስለኛል።

ሊያውም ልማድ ሁሉ ምክንያት ያለው አይደለም። በአሜሪካ፣ በአሪዞና በረሃ፣ ሆፒና ናቫሆ የተባሉ ሕዝቦች ጎረቤት ናቸው። በሆፒ የሚሸምነው ወንድ ነው፣ በናቫሆ ሴት ናት። ናቫሆዎች ሽመናን የተማሩት ከሆፒና ከመሰሎቹ ፑዌብሎ ሕዝቦች እንደሆነ ይነገራል፤ ሙያውን ሲወስዱ የሠሪውን ፆታ ትተውት መጡ ማለት ነው። እኛም ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሽመናው ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ስለሆነ በብራውን ሐሳብ ለሴት በተገባ ነበር።

ጥርጣሬዬን በሙሉ ሰብስቦ የያዘልኝ ግን ወፍጮ ነው። በመጅ መፍጨት ከሴት ሥራ ሁሉ የሴት ነበር፤ ወፍጮ ላይ የተንበረከከ ወንድ በመንደሩ ሰው አይሆንም። ጉልበቱን የጨረሰው መጁ ነበር፣ ነገር ግን ለጉልበተኛው ወንድ አልተሰጠም። ኋላ የሞተር ወፍጮ መጣና ድካሙ ጠፋ፤ ይህን ጊዜ ሥራው ለወንድ ሆነ። ዱቄት የለበሰው ባለወፍጮ ወንድ ነው፤ ሴቷ ስልቻዋን ይዛ ተራ ትጠብቃለች። ገንዘብ ስለገባበት ነው እንዳልል ጠላውንና አረቄውን ለገበያ የምትጠምቀውና የምታወጣው ሴት ናት። ሞተሩን ለመግዛት ብድርና ፈቃድ ይጠይቃል፤ ብድሩና ፈቃዱ ደግሞ ወንዶች ተሰብስበው የሚነጋገሩበት ቦታ ነው ያለው። ውርድወት ሄዳ የቆመችበት ዓይነት ቦታ።

አሁን በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የእንሰት መፋቂያ ማሽን እየተሠራ ነው። የሴቶችን ድካም ለማቅለል ነው፤ መልካም ነው፣ ፍቂያ ወገብ ይቆርጣል። ማሽኑ ጓሮ ሲገባ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ ከወዲሁ ውርርድ ቢቀርብልኝ ግን ገንዘቤን የማስይዘው በወንዱ ነው።