ያንቀላፋ ተማሪ በደለኛ ነውን?

በትምህርት ሰዓት የሚያንቀላፋውን ልጅ መምህሩ ሰነፍ ብሎ ይቆጣዋል። ነገር ግን ቁርስ በልቶ እንደ መጣ አስቀድሞ ጠይቆታልን? ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ፥ ሞትን እስኪለምን ደክሞ ከክትክታ ዛፍ በታች በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፥ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፥ ሁለተኛም አበላው። እግዚአብሔር በኮሬብ ስለ ሥራው የጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለልጆች ቁርስና ምሳ ይቀርብ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ልጅን ያሰንፋል የሚሉ አሉ፤ ይህን የሚሉት ግን ቁርሳቸውን በልተው ነው።

በጨዋታ አምሽቶ የሚያንቀላፋ ልጅ እንዳለ አንክድም፤ እርሱ ተግሣጽ ይገባዋል። ሁለቱን ለመለየት ግን ለብቻው ጠርቶ በለሰለሰ ቃል መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በጓደኞቹ ፊት የተጠየቀ ልጅ አፍሮ ረኀቡን ይሸሽጋልና።