ከእኅትማማቾች ማኅበር ስለ መሰናበት የተደረገ ሐተታ

በአሜሪካ አገር በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስማር፣ በሦስተኛው ዓመት፣ በአንዲት የጥቅምት ሌሊት፣ አምስት መስመር ከማይሞላ ደብዳቤ ፊት ተቀምጬ ሳልጨርሰው ነጋብኝ። ደብዳቤው፣ የአገሩ ሰው ሶሮሪቲ ከሚለው ከሴት ተማሪዎች ማኅበር ለመሰናበት የታሰበ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የጻፍሁትን የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር በልቤ ወደ አማርኛ መልሼ «ከእኅትነቴ መልቀቄን አስታውቃለሁ» ብዬ ባነበብሁት ጊዜ ግን እጄ ቆመ። ሰው ከሹመቱ ይሻራል፣ ከሥራው ይሰናበታል፣ ከተከራየው ቤት ይወጣል፤ ከእኅትነት ግን በምን በር ይወጣል? ልቤ በዚያች ሌሊትና ከዚያም በኋላ ባሉት ቀናት ከራሱ ጋር የተከራከረውን ክርክር፣ ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን፣ እንደ እኔ በመሐላና በኅሊና መካከል ለቆመ ሰው ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እጽፈዋለሁ።

አስቀድሜ የመረመርሁት ስሙን ነው። ሴቶቹ እንዲህ ያለውን ማኅበር ማቆም የጀመሩት ስሙ ከመፈጠሩ በፊት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1851 በጆርጂያ ግዛት፣ በሜከን ከተማ በሚገኘው የዌስሊያን የሴቶች ኮሌጅ የአደልፊያን ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1870 ደግሞ በኢንዲያና ግዛት በግሪንካስል ከተማ፣ ወንዶቹ በግሪክ ፊደል እየሰየሙ ባቆሟቸው ማኅበራት አምሳል፣ ካፓ አልፋ ቴታ የተባለው የሴቶች ማኅበር ተነሣ። ሶሮሪቲ የሚለው ቃል የመጣው ግን በ1882 ነው፤ በሲራክዩዝ ዩኒቨርሲቲ የላቲን መምህር የነበሩት ፍራንክ ስሞሊ፣ ጋማ ፋይ ቤታ ለተባለው ማኅበር፣ በላቲን እኅት ማለት ከሆነው ከሶሮር አውጥተው ሰጡት። እንግዲህ ይህ እኅትነት ከማሕፀን የተገኘ ሳይሆን በፈቃድ የተመሠረተ፣ ስሙንም ከሊቅ የተቀበለ ነው፤ በፈቃድ የተገባበትም በፈቃድ ሊወጣበት ይገባል ብዬ ለጥቂት ጊዜ ዐረፍሁ። የተባበሩት መንግሥታት በ1948 ያወጣው የሰብአዊ መብቶች መግለጫም በ20ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ ማኅበር የመመሥረት ነጻነት እንዳለው ከተናገረ በኋላ፣ ማንም በግድ የማኅበር አባል እንዳይደረግ ይደነግጋልና፣ በሩ ክፍት መሆኑን አልተጠራጠርሁም።

ነገር ግን ሕግ በሩን ያሳያል እንጂ መውጣት የሚገባ መሆኑን አይናገርም። ጋብቻም እኮ በፈቃድ ይገባል፤ ይሁን እንጂ በተክሊል የተጋባ ሰው «በፈቃዴ ገብቻለሁና በፈቃዴ እወጣለሁ» ቢል የሚያመሰግነው የለም። የእኔ ማኅበር በ1902 በተመሠረተው የሴት ተማሪዎች ማኅበራት ብሔራዊ ጉባኤ ውስጥ ከተሰበሰቡት ከ26ቱ አንዱ ነበር፤ በጉባኤው ስምምነት መሠረት ደግሞ ከ26ቱ በአንዱ ሥርዓተ ቅበላ የተፈጸመላት ሴት፣ ብትወጣም እንኳ፣ በሌላው ልትገባ አትችልም። ማኅበሩ ራሱ ግንኙነቱን እንደ አንድ ጊዜ ቃል ኪዳን የሚቈጥረው ከሆነ፣ እኔ እንደ ወር ኪራይ ልቈጥረው ይገባኛልን?

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ወደ መሐላው ገባ። የማልሁት በእውነት ነበር፤ ማንም አላስገደደኝም፤ የሥርዓቱን ምሥጢር ዛሬም ቢሆን አልገልጸውም፤ ነገር ግን በዚያች ምሽት፣ ከእናቴ ቤት በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከእንግዲህ ወዲህ ብቸኛ አይደለሽም የሚል ድምፅ የሰማሁ ያህል ሆኖ ተሰምቶኝ ማልቀሴን አልክድም። እንዲህ ያለውን ቃል ማፍረስ ክሕደት አይደለምን? ይህን ሳወጣና ሳወርድ፣ በሕፃንነቴ በመስከረም 2 ቀን ስሰማው ያደግሁት የመጥምቁ የዮሐንስ መታሰቢያ ትዝ አለኝ። ሄሮድስ ለዘፈነችለት ብላቴና የምትሻውን ሁሉ ሊሰጣት ምሎ ነበርና፣ የነቢዩን ራስ በለመነችው ጊዜ ቢያዝንም እንኳ መሐላውን ጠበቀ፤ መሐላውን በመጠበቁም ነፍሰ ገዳይ ሆነ። ወንጌላዊው የመዘገበው ምክንያት ግን አንድ ብቻ አይደለም፤ ንጉሡ ያፈረው ስለ መሐላው ብቻ ሳይሆን በማዕዱ ዙሪያ ስለ ተቀመጡትም ሰዎች ነበር። ይህን ባስተዋልሁ ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ፦ እኔን የያዘኝ የትኛው ነው? መሐላው ነውን? ወይስ ማዕዱና በማዕዱ ዙሪያ ያሉት? እውነቱን ለመናገር የያዘኝ ማዕዱ ነበር፤ ነገ ምሳዬን ከማን ጋር እበላለሁ የሚለው ፍርሃት የመሐላን ልብስ ለብሶ ሲከራከረኝ አድሮ ነበር።

ይህ ፍርሃት ያን ጊዜ የተወለደ አልነበረም፤ ለመሰናበት ያሰብሁበትን ሥራ ያሠራኝም እርሱ ራሱ ነው። በየዓመቱ በምልመላ ወራት አዲስ ተማሪዎች ወደ ማኅበሩ ቤት እየመጡ ከአባላቱ ጋር ለጥቂት ደቂቃ ይጨዋወታሉ፤ ከሄዱም በኋላ አባላቱ ለእያንዳንዷ በምሥጢር ነጥብ ይሰጣሉ። ሌሎች የሠሩትን የመናገር መብት የለኝም፤ የገዛ እጄን ሥራ ግን እናገራለሁ። በዚያ መስከረም ፊቴ ከተቀመጡት ልጆች አንዲቱ፣ ንግግሯ የተቈራረጠ፣ እጆቿን ከጠረጴዛው በታች የምትሸሽግ ልጅ ነበረች፤ ሌሎቹ ስለ ትምህርቴና ስለ አለባበሴ ሲጠይቁኝ፣ እርሷ ግን ከእናቴ ርቄ መኖር ይከብደኝ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ልጅቱ ተሰናብታ ከወጣች በኋላ ግን በአጠገቤ የተቀመጠችው አባል ፊቷን ስታጨፈግግ አየሁና፣ ለልጅቱ ከነጥቦቹ ሁሉ ዝቅተኛውን ጻፍሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ አንድ የተጨፈገገ ፊት በቃኝ። በማግስቱ በመጡት ልጆች መካከል እርሷ አልነበረችም።

እዚህ ላይ ልቤ ከሁሉ የጠነከረውን ጥያቄ አመጣ፦ «ጥፋቱ የእጅሽ ከሆነ ስለ ምን ማኅበሩን ትተያለሽ? እጅሽን ይዘሽ እዚያው ብታርሚ አይሻልምን?» ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ሴቶች ታሪክ አገኘሁ። በ1908 በዋሽንግተን ከተማ በዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ የጥቁር ሴት ተማሪዎች የመጀመሪያው የግሪክ ፊደል ማኅበር የሆነው አልፋ ካፓ አልፋ ተመሠረተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከተማሪዎቹ አባላት አንዳንዶቹ የማኅበሩ ስምና ምልክት እንዲለወጥ፣ ሥራውም ወደ አደባባይ እንዲወጣ ፈለጉ፤ ነባሮቹ አልተስማሙም። በጥር 1913 ሃያ ሁለቱ ወጥተው ዴልታ ሲግማ ቴታን አቆሙ፤ ሁለት ወር ሳይሞላቸውም፣ በማርች 3 ቀን፣ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ በፔንሲልቫኒያ ጎዳና በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ተሰለፉ። ነባሮቹም በዚያው በጥር ወር ማኅበራቸውን በሕግ አስመዝግበው አጸኑ። በ1930 ደግሞ በዚያው በሃዋርድ የጥቁሮች የግሪክ ፊደል ማኅበራት የጋራ ምክር ቤት ሲመሠረት፣ የተለያዩት ሁለቱ ማኅበራት ከመሥራቾቹ መካከል በአንድነት ተቀመጡ። መለየት ሁሉ ጠብ አለመሆኑን ከዚህ ተማርሁ፤ የቀሩትም የወጡትም ታማኞች ሊሆኑ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ሙሉ በሙሉ አላጽናናኝም፤ እነዚያ የወጡት ለመሥራት ነበር፣ እኔ ግን የምሠራው ቤት በእጄ አልነበረም። ለማረም መቅረትስ? ለማረም የሚቀር ሰው የተጨፈገገ ፊት የማያስፈራው መሆን አለበት፤ እኔ ደግሞ በዚያ ማዕድ ተቀምጬ ሳለሁ እንዲህ ያለች ሰው አለመሆኔን በገዛ ብዕሬ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ የቀሩትን አልነቅፍም፤ ለእኔ ግን በዚያ መቅረት፣ ደካማ መሆኔን እያወቅሁ ፍርድ በሚሰጥበት ወንበር ላይ መቀመጥ ነበርና፣ ያን ወንበር መልቀቅ እንደሚገባኝ ቈረጥሁ።

የቀረኝ እንዴት እንደምወጣ ማወቅ ነበር። አዲስ አበባ ለምትኖረው እናቴ ስልክ ደወልሁላት፤ እርሷ በየወሩ በ21 የእመቤታችንን ጽዋ ማኅበር የምትጠጣ ናትና ነገሩን በዚያ መዘነችው። «ልጄ፣ ከእኛ አንዷ ስትወጣ፣ ያለባትን ተራ ትደግሳለች፤ ለማኅበሩ ሙሴ ትነግርና ማኅበርተኛውን ይቅር በሉኝ ትላለች፤ ጽዋ የጠጣችበትን ቤት ግን አታማም» አለችኝ። እኔም በዚህ ቃል ላይ ቆሜ ሳስበው፣ በማኅበሩ የታሰርሁባቸው ማሰሪያዎች ሦስት መሆናቸውን ለየሁ። የመጀመሪያው የገንዘብ ነው፤ ይህ ይከፈላል። ሁለተኛው የምሥጢር ነው፤ ይህ ከወጡም በኋላ ይጠበቃል፤ በመሐላዬ ውስጥ እስከ ሞት የሚዘልቅ ነገር ቢኖር ይኸው ነውና። ሦስተኛው የፍቅር ነው፤ ታምሜ ሳለሁ ሾርባ ይዘው ደረጃውን የወጡልኝን ልጆች መውደዴ ግን በፊርማ የመጣ ስላልሆነ በፊርማ አይሄድም። እንግዲህ የምለቀው አባልነቱን ብቻ እንጂ እኅትነቱን አይደለም፤ በዚያች ሌሊት ዐረፍተ ነገሩ እጄን ያቆመው ሐሰት ስለ ነበረ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤውን ቀድጄ ሌላ ጻፍሁ፤ አንዱን ቅጂ ለቅርንጫፉ ሊቀ መንበር፣ ሁለተኛውን ለዋናው ጽሕፈት ቤት። ከዛሬ ጀምሮ አባል አለመሆኔን፣ የቀረብኝን መዋጮ መክፈሌን፣ የመኝታ ክፍሉ ውል ከአባልነቱ የተለየ ነውና እስከ ዘመኑ ፍጻሜ ኪራዩን እንደምከፍል፣ የደረት ምልክቱ የማኅበሩ ንብረት ስለ ሆነ ከደብዳቤው ጋር መመለሴን፣ ምሥጢሩን እንደምጠብቅ፣ ስለ ተደረገልኝም ፍቅር ማመስገኔን ገለጽሁ። ምክንያቴን አላብራራሁም፤ ምክንያት ሲበዛ ደብዳቤው ሌሎችን ወደ መክሰስ ወይም ራስን ወደ ማጽደቅ ያዘነብላል፤ እኔ ደግሞ ከሳሽም ጻድቅም አልነበርሁም።

ደብዳቤው ከማኅበሩ አወጣኝ፤ ከዚያ ከጻፍሁት ነጥብ ግን አላወጣኝም። ለልጅቱ ጽፌ ይቅርታዋን ልለምን አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ያላወቀችውን ቁስል እኔ ላርፍ ስል ማሳየት ሁለተኛ በደል መስሎ ታየኝና ተውሁት። ይህ ከዕዳዎቼ ሁሉ የማልከፍለው ሆኖ ቀረ። ስለ ሰው እንድፈርድ በተቀመጥሁበት ስፍራ ሁሉ፣ ብዕሬን ከማንሣቴ በፊት፣ በአጠገቤ ያለውን ፊት ሳይሆን ከጠረጴዛው በታች የተሸሸጉትን እጆች እንድመለከት ይኸው ዕዳ ያስገድደኛል።