የቆሰለ ልጅ ምስልና ቃል ባለቤቱ ማነው?

ኪነ ጥበብ የሕዝብን መከራ መዝግባ ለተከታዩ ትውልድ ማስተላለፍ እንዳለባት የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ መከራው የደረሰበት ሰው ገና ልጅ ሲሆን፣ የደረሰበትም ፊደል በቆጠረበት በትምህርት ቤቱ ቅጥር ውስጥ በጥይት ሲሆን፣ ከያኒ ሁሉ ቆም ብሎ ሊመልሰው የሚገባ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይነሣል። ሠዓሊ የልጁን ፊት ሥሎ፣ ጸሐፊም ታሪኩን ጽፎ ለአደባባይ ሲያቀርብ የሚሽረው የማን ቁስል ነው? የልጁ ነው ወይስ የተመልካቹ? የምስሉና የቃሉስ ባለቤት ማነው?

ጥያቄው ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ለመሸኘት በስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ተኮሱ። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ጥቅምት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ በምዕራብ ወለጋ፣ በጋዋ ቃንቃ ቀበሌ፣ ታጣቂዎች ነዋሪዎችን በትምህርት ቤት ግቢ ሰብስበው በመተኮስ ቢያንስ 54 ሰዎች መግደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘግቧል። ከእነዚህ ቀኖች እያንዳንዱ ሙታንን ብቻ ሳይሆን ያዩና የተረፉ ልጆችንም ትቶ አልፏል።

የተረፈው ልጅ ምን ያድርግ? አነጋገራችን ሁለት ምክር ይሰጠዋል። አንዱ «ሆድ ይፍጀው» ይለዋል፤ ሌላው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይለዋል። የትኛው እንደሚበጅ የቀይ ሽብር ዘመን በመራራ መንገድ አስተምሮናል። በዚያን ጊዜ ብዙ ወላጆች ልጃቸው ለተገደለበት ጥይት ዋጋ እንዲከፍሉ ተጠይቀዋል፤ ማልቀስም ተከልክለዋል። በባህላችን ግን ልቅሶ ማለት እንባ ብቻ አይደለም። የሟች ፎቶግራፍ ከፍ ተደርጎ ይያዛል፤ ልብሱ ይዘረጋል፤ ሙሾ አውራጇም ጠባዩንና ሙያውን እያነሣች ታስለቅሳለች። እርም የሚወጣው እንዲህ ነው። ስለዚህ ምስልና ትረካ ለኀዘን መድኃኒት መሆናቸውን እኛ ከማንም አልተማርንም፤ ከቤታችን ያገኘነው ነው። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በግድግዳው ላይ የሟቾችን ፎቶግራፎች በረድፍ የሰቀለው፣ ከእስርና ከሥቃይ የተረፉ ሰዎችም ጎብኚውን እየመሩ ያዩትን የተረኩት፣ ያ የተከለከለ ልቅሶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቦታ ስላገኘ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው የተረፈ ሁሉ ይናገር፣ ሁሉም ይሣል» ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ከአደጋ በኋላ ወዲያውኑ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ጉባኤ አስቀምጦ የደረሰባቸውን እንዲዘረዝሩ ማድረግ በአንድ ወቅት እንደ ፈውስ ተቆጥሮ ነበር። ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲመዘኑ ግን ዘዴው ከኋላ ከሚመጣው የመንፈስ ሕመም እንደማያድን፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ ታውቋል። በአንጻሩ በኡጋንዳ የስደተኞች ሠፈሮች ተሞክሮ ውጤቱ የታየ ሌላ መንገድ አለ። ባለታሪኩ አንድ ገመድ መሬት ላይ ይዘረጋል። ገመዱ ዕድሜው ነው። ክፉ ቀን በደረሰበት ስፍራ ድንጋይ፣ መልካም ቀን ባየበት ስፍራ አበባ ያኖራል። ያልተዘረጋው የገመዱ ጫፍ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ እርሱም ገና የሚኖረው ሕይወት ነው። ታሪኩ በብዙ ቀን፣ ቀስ እየተባለ ይጻፋል፤ ይነበብለታል፤ ያርመዋል፤ በመጨረሻም ጽሑፉ ለባለቤቱ በእጁ ይሰጠዋል።

የጥያቄያችን መልስ ያለው በዚህ በመጨረሻው ድርጊት ላይ ነው። ተረት ስናወራ ያደግን ሁሉ መዝጊያውን እናውቃለን፤ ተራኪው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። የሰማ ሰው ዕዳ አለበት ማለት ነው። ቃሉን ለተናገረው ይመልሳል፤ አፉንም ደረቅ አድርጎ አይተወውም። የተረትን ያህል እንኳ ዕዳ የማይከፈልበት የልጅ ምስክርነት ምን ይባላል? ልጁ ተናግሮ፣ አልቅሶ፣ ፊቱ ተሥሎ፣ ሥዕሉ በአዳራሽ ሲሸጥ ወይም በጉባኤ ሲጨበጨብለት እርሱ ግን ያው ከጨለማው ጋር ብቻውን ቢቀር፣ ያ ሥራ የቱንም ያህል ቢያምር ከልጁ የተወሰደ እንጂ ለልጁ የተሰጠ አይደለም።

ይህን አስቀድማ የተረዳች አንዲት መምህርት ነበረች። ሠዓሊዋ ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች በቴሬዚን ባቋቋሙት የአይሁዳውያን ግዞት ውስጥ ልጆችን ሥዕል ታስተምር ነበር። ልጆቹም በየሥዕላቸው ላይ የገዛ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርጋቸው ነበር። እርሷ እ.ኤ.አ. በ1944 በአውሽዊትዝ ተገደለች፤ በሁለት ሻንጣ ደብቃ የተወቻቸው 4,500 ያህል ሥዕሎች ግን ተርፈዋል። ስም በሥዕል ግርጌ መጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ «ይህ የእኔ ነው» የሚለው ቃል ግን ሁሉን ለተቀማ ልጅ የሰውነቱ ማረጋገጫ ነው።

የእኛም የሥዕል ትውፊት ለዚህ ነገር የሚያቀብለን አለው። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሁለት ዓይን ያለው ምስል የሚታይ ብቻ አይደለም፤ እርሱም ያየናል። የቆሰለ ልጅ ሲሣል ቁስሉን ብቻ ካሳየን ተመልካቹን ያሳዝነዋል፤ ዓይኖቹን ካሳየን ግን ይጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ በኡቫልዲ ከተማ፣ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ከተገደሉ በኋላ ሠዓሊዎች 21 የግድግዳ ሥዕሎች ሲሠሩ አስቀድመው ከየቤተሰቡ ጋር ተነጋግረዋል። የጠየቁት ልጁ እንዴት እንደሞተ ሳይሆን ምን ይወድ እንደነበረ ነው። ለሞተው እንዲህ ከተጠነቀቅን፣ በሕይወት ላለው ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባል?

ምናልባት አንባቢ «ልጁ ዝም ካለ ወንጀሉ እንዴት ይታወቃል? ፍትሕስ ከየት ይገኛል?» ይል ይሆናል። ተቃውሞው ከባድ ነው። ለመመስከር የሚፈቅድ ልጅ ካለ ማንም ዝም ሊያሰኘው አይገባም፤ «ሆድ ይፍጀው» የሚለውን ክፉ ምክር ደግመን ልናስተምረው አንሻም። ነገር ግን ለዳኛ መመስከርና ለተመልካች መታየት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በሕግ የተወሰነ ፍጻሜ አለው፤ ሁለተኛው ፍጻሜ የለውም። አገርን የማስተማር ሸክም ደግሞ አዋቂዎች እያሉ በትንሹ ትከሻ ላይ ሊጫን አይገባም።

ይህን ሁሉ ወደ አንድ ስፍራ አምጥተን እንየው። ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ በአሮጌው የምድር ባቡር መስመር ላይ የምትገኝ፣ ስሟ ሲነሣ ወታደራዊ ማሠልጠኛዋ የሚታወስ ስፍራ ናት። አካባቢው በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ድሬዳዋ ሲዘልቅ ያየ ነው። ምልምል ወታደር ጠመንጃ ሲጨብጥ ከሁሉ በፊት የሚማረው አፈሙዙን ወዴት ማዞር እንደሌለበት ነው። ብሩሽ፣ ብዕርና ካሜራ የያዘስ ይህን ከማን ይማራል? በዚያ አካባቢ የሚያስተምር መምህር በክፍሉ ውስጥ የተኩስ ድንጋጤ ያለበት ተማሪ ቢገጥመው መጀመሪያ ሊያደርግለት የሚችለው ነገር ቀላል ነው። እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ ይናገር፤ የሶማሊኛው ሼኮም ሆነ የኦሮምኛው ኦዱ ዱሪ ለልጁ ከማንኛውም የመጠይቅ ወረቀት ይቀርቡታል። ከፈለገ ፍየሉን ይሣል እንጂ ጥይቱን አይታዘዝ። ሥዕሉን ቢቀድድ አይቆጡት፤ የእርሱ ነውና። ለዐውደ ርእይ ከመውጣቱ በፊት ይጠየቅ፤ ትናንት እሺ ያለውን ዛሬ እምቢ ቢል ሥዕሉ ይውረድ።

ይህ ሥርዓት ከያኒውን ያስከፍለዋል። እጅግ ያማረው ሥዕል በልጁ ሣጥን ውስጥ ሊቀር፣ እጅግ የሚነካው ታሪክም ሳይታተም ሊኖር ይችላል። እንዲህ ሲሆን ኪነ ጥበብ የከሰረች ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሥራዋን ፈጽማለች። ጠመንጃ ከልጁ የነጠቀው የመወሰን ሥልጣን ነበር፤ ይህንኑ ሥልጣን መልሳ በእጁ አስቀምጣለታለች። ስለዚህ መምህራን፣ ካድሬዎችና የጥበብ ሰዎች፣ ልጅን «ንገረን» ከማለታችን በፊት፣ የምንሰማውን ለመመለስ የተዘጋጀን መሆናችንን ራሳችንን እንጠይቅ።