የአጎቴ ድምፅ በ4 ቢት

ሸዋ ሮቢት፣ ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ አጎቴ ማማ ላይ ሆኖ ወፍ እየጠበቀ ያንጎራጎረውን በስልኬ ቀዳሁት። አዲስ አበባ ተመልሼ ለኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስሠራበት ቢቱን ከ16 ወደ 4 አወረድኩት። በ16 ቢት እያንዳንዱ የድምፅ ናሙና ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘገባል፤ በ4 ቢት ያሉት ደረጃዎች 16 ብቻ ናቸው። በመሀል የነበረው ሁሉ ቅርቡ ወዳለው ደረጃ ይገፋል፤ የምንሰማው ሻካራነት ያ ስህተት ነው። እኔ ወደድኩት።

አጎቴን አሰማሁት። «ይሄ ማነው? ጉሮሮውን አሞታል እንዴ?» አለኝ።

መልስ ነበረኝ፦ በገናም እኮ የሚነዝረው በአውታሩና በሚያርፍበት እንጨት መካከል ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባ ነው፤ ሻካራነት ለእኛ ባዕድ አይደለም። ግን ቆዳውን የሚያስገባው ደርዳሪው ራሱ ነው። አጎቴን ማን ጠየቀው? በዚያ ላይ ቆዳው ይወጣል፤ የተጣለ ቢት ግን አይመለስም። እኔ ደግሞ በዋናው ፋይል ላይ ሴቭ አድርጌበታለሁ።

ድምፅ መለወጥ ነውር ነው አልልም። ነውሩ፣ ባለቤቱ ራሱን የሚያገኝበትን ቅጂ ሳያስቀሩ መለወጥ ነው። ዘንድሮም ማሽላው እሸት ሲይዝ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ግን እጠይቀዋለሁ።