ያልታሰበ መንገድ

ምእመናን ሆይ፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን አስቀድሞ ወደ አገራችን የመጣው አስቦ አልነበረም። በ4ኛው መቶ ዓመት ከመምህሩ ጋራ የህንድን አገር አይቶ ሲመለስ፥ መርከባቸው በቀይ ባሕር ጠረፍ ባረፈች ጊዜ ተሳፋሪዎቹ ተገደሉ፤ እርሱና ኤዴስዮስ ብቻ ተርፈው ወደ አክሱም ንጉሥ ቤት ተወሰዱ። በኋላም ጳጳስ ይላክልን ብሎ ሊለምን እስክንድርያ ቢወርድ፥ ቅዱስ አትናቴዎስ እርሱኑ ሾሞ መለሰው። ሌላ ሰው ሊያስልክ ሄዶ ራሱ ተላከ!

እኛ ካህናት ግን ስንጠራ አስቀድመን ርቀቱን እንጠይቃለን። መጠየቁስ ነውር አይደለም፤ ጠይቆ መቅረቱ ነው እንጂ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በታኅሣሥ ወር ለቁልቢ ገብርኤል በዓል ድሬዳዋ ድረስ በባቡር ልሄድ፥ በ2009 ዓ.ም. ሥራው ወደ ተመረቀው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ማልጄ ደረስሁ። በበሩ አንድ ጐልማሳ መስቀል ተሳልሞ፥ «አባታችን፥ አባቴ ሊያርፉ ነው፤ የንስሓ አባታቸውም በአጠገብ የሉም» አለኝ። ትኬቴን በኪሴ እንደ ያዝሁ ተከተልሁት፤ የሄድነውም ጥቂት መንገድ ነበር። ሽማግሌው የተናዘዙት በእግዚአብሔርና በእርሳቸው መካከል ይኑር። የባቡሩ ጥሩምባ ከሩቅ ሲሰማ እጄን ይዘው ነበር፤ አልለቀቁኝም።