ኅቡእ ኃይልና የሰው እጅ

ሊቃውንቶቻችን ፈጣሪ በሠሉስ ዕለት ምድርን እንድታበቅል ያዘዛትን ሲያስተምሩ፣ በእጅ የሚለቀመውን፣ በማጭድ የሚታጨደውንና በምሳር የሚቈረጠውን ለይተው ይቈጥራሉ፤ በድምፅ ስለሚለቀም ግን ያነሡት የለም። በዘመናችን ያሉ የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ጆሮ በማይሰማው ድምፅ፣ በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ በሚርገበገብ ሞገድ፣ ከሚበላ ተክል ውስጥ ፖሊሳካራይድ የተባለውን ረዥም የስኳር ሰንሰለት ያወጣሉ።

ለምሳሌ ተልባን እንመልከት። እናቶቻችን ሳይወቅጡ በውኃ ነክረው ሲያሳድሩት የሚወጣውና ሆዱ የደረቀበት ሰው ማለዳ የሚጠጣው ዝልግልግ ይኸው ሰንሰለት ነው። የማይሰማውን ድምፅ የሚያመነጨው መሣሪያ የሌሊቱን ሥራ በደቂቃዎች ይፈጽመዋል፤ ሞገዱ በውኃው ውስጥ ረቂቃን አረፋዎችን ያስነሣል፤ እነዚህም አብጠው በድንገት ሲደረመሱ፣ ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ባነሰ ጊዜ በዚያች ነጥብ በሺሕ የሚቈጠር ዲግሪ ሙቀት ይፈጠራል፤ ከድርምሰቱ የሚፈናጠረውም ውኃ የፍሬውን ልባስ ይቦጫጭቀዋል። ከተጣራ በኋላ አልኮል ሲጨመርበት የተሟሟው ሰንሰለት ነጭ ባዘቶ መስሎ ይረጋል።

እንግዲህ ይህ በረከት በፍጥረቱ ባሕርይ ተሰውሮ የኖረ ነውን ወይስ የመሣሪያው ግብር? ሰው ኅቡኡን ይገልጣል እንጂ አይፈጥርም የሚለው መልስ የትሕትና መልስ ነውና እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ተልባው ራሱ ይመሰክርበታል። ሞገዱ ሲበረታ ወይም ሲረዝም ሰንሰለቱን ራሱን ይቈራርጠዋልና፤ ዝልግልጉ ደግሞ ከምግብ በኋላ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት የሚገታው በውፍረቱ ነው፤ ውፍረቱም የሚመጣው ከሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ስለዚህ በብርጭቆው ውስጥ የቀረው፣ ተክሉ ተሸክሞት ከነበረው ጋር በስም እንጂ በግብር አንድ ላይሆን ይችላል። ያጠረው በውኃ ለመሟሟት ይቀላል ብለው የሚያመሰግኑት አሉ፤ ምስጋናው ተገቢ ቢሆንም ለመሣሪያው እንጂ ለተልባው አይደርሰውም፤ ነጋዴውም በጠርሙሱ ላይ «ተፈጥሮአዊ» ብሎ ሲጽፍ ግማሽ እውነት ጽፏል።

ዉድና ሉሚስ የተባሉት አሜሪካውያን የዚህን ዓይነት ድምፅ በሕያዋን ላይ ሞክረው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1927 ውጤቱን ባሳተሙ ጊዜ፣ የውኃ ሣር ተበጣጥሶ፣ ትንንሽ ዓሦችና እንቁራሪቶችም ሞተው ነበር፤ ድምፁ በእንቁራሪቷ ውስጥ የተሰወረውን ገለጠ ብሎ የሚናገር ማን ነው?